ከአሮጌ ሃይሉክስ ሻንሲ የሠራሁትን ተሳቢ እንዴት ዝቅ ላድርገው?

ባለ ሮለር (አዳማ፣ ፍራንኮ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የኮንስትራክሽን ዕቃ አከራያለሁ። ኮምፓክተር፣ ቫይብሬተር፣ ጄኔሬተር፣ አሁን ደግሞ በእጅ እየተያዘ የሚነዳ ባለ ሁለት ከበሮ ሮለር ጨምሬያለሁ። ዕቃውን የማመላልስበት ተሳቢ ከአሮጌ ፎር ባይ ፎር ሃይሉክስ ሻንሲ የተሠራ ነው። የፊቱ ግማሽ ተቆርጦ ወጥቷል። የኋላው ሻንሲ፣ ባሌስትራው (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንጉ) እና ዲፍሬንሻሉ (አክስሉ መሃል ያለው የጥርስ ሳጥን) እንዳለ ነው። በሻንሲው ላይ 10 ሳንቲም ከፍታ ያለው ሲ ብረት አግድም ተበይዶ፣ በላዩ ጣውላ ተነጥፏል።

ችግሬ ከፍታው ነው። ከመሬት እስከ ወለሉ 85 ሳንቲም አለው። ኮምፓክተሩን ሁለት ሰው ተጋግዞ ያነሳዋል። ሮለሩ ግን 700 ኪሎ ነው። በመወጣጫ ብረት ላይ እየነዱ ማውጣት ብቻ ነው አማራጩ። መወጣጫዬ 2 ሜትር ነው። ሮለሩ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ የሚነዳው ልጅ ከኋላው ነው ያለው። ይሄ ልጅ ላይ ቢንሸራተትበት ብዬ ሳስብ ሥራውን ለመተው ሁሉ አስባለሁ።

ጎማው 7.00-16 ነው። የምጎትተው በላንድክሩዘር ፒክ አፕ ነው። ባዶውን ሚዛን ላይ አውጥቼው 620 ኪሎ መጥቷል። ዝቅ ላደርገው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ወንጂ ማዞሪያ

ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው ወይስ በታች? መልሱ ከዚህ ይጀምራል።

ባለ ሮለር

በላይ ነው። አክስሉ ከሥር፣ ባሌስትራው ከላዩ ተቀምጦ በዩ ቦልት ታስሯል።

ወንጂ ማዞሪያ

እንግዲያው የፎር ባይ ፎሩ አሠራር ነው። የቱ ባይ ፎሩ ሃይሉክስ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ነው፣ ለዚህ ነው ያ መኪና ከጥንቱም ዝቅ ያለው። አንተም አክስሉን ከባሌስትራው በላይ ብታደርገው ቢያንስ 12 ወይም 13 ሳንቲም ይወርድልሃል። የአክስሉ ቱቦ ውፍረትና የባሌስትራው ውፍረት ሲደመር ማለት ነው። ብዙ ወጪም የለውም።

ፈጣን መፍትሔ

ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ? ባሌስትራው አምስት ንብርብር ከሆነ ሁለቱን አውጣ። ራሱ ይወርዳል። ተሳቢው ባዶውን ሲሄድ እየዘለለ የሚያስቸግረውም ይለሰልስልሃል።

ቶርኖ ቤት (መብራት ኃይል)

ፈጣን መፍትሔ፣ ወንድሜ፣ ይሄን ምክር ሰው ላይ አትጣል። ሰውየው 700 ኪሎ ሮለር ነው የሚጭነው። ከአምስት ንብርብር ሁለቱን ሲያወጣ የመሸከም አቅሙ ከሞላ ጎደል በሁለት አምስተኛ ይቀንሳል። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ከልካቸው በላይ ይለጠጣሉ፣ አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ይሰበራሉ። ባሌስትራ አንድ ጎኑ ሲሰበር አክስሉ ዞሮ ይሄዳል፣ ተሳቢው ወደ ጎን ይጎተታል። ባዶውን መዝለሉ እውነት ነው፣ ግን የሚለሰልሰው የጎማ ንፋስ በመቀነስ ነው፣ ሸክም ሲጫን መልሶ ይሞላል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ባለ ሮለር፣ መጀመሪያ 85 ሳንቲሙ ከምን ከምን እንደተሠራ ቁጭ ብለህ ቁጠረው። እኔ ከሰጠኸን ልክ ተነስቼ በግምት እንዲህ አየዋለሁ። ከመሬት እስከ አክስሉ መሃል 37 ሳንቲም። ከዚያ እስከ ቱቦው ጀርባ 3 ተኩል። ከቱቦው ጀርባ እስከ ሻንሲው ሆድ 20 ገደማ። ሻንሲው ራሱ 12። ከላይ ሲ ብረቱ 10፣ ጣውላው 2 ተኩል። ደምረው፣ 85 ይመጣል።

አሁን ተመልከት። ሁሉም ሰው ዓይኑን የጣለው ባሌስትራው ላይ ነው። ነገር ግን ከሻንሲው በላይ ያለው 12 ሳንቲም ተኩል ምንም ሥራ የለውም። አግዳሚውን ሻንሲው ላይ ከምትጭነው በሁለቱ የሻንሲ እግሮች (ግራና ቀኝ ባሉት ረዣዥም ብረቶች) መካከል አስገባው። ወለሉን በጣውላ ፈንታ ቡርሽ ባለው (እንዳያንሸራትት ፊቱ ጎርበጥ ባለ) 4 ሚሊ ላሜራ ሥራው። ወለልህ ከሻንሲው ጀርባ ጋር እኩል ይሆናል። 12 ሳንቲም በነጻ አገኘህ። አክስሉን አልነካህም፣ ባሌስትራውን አልነካህም፣ ተሳቢው በመንገድ ላይ የነበረው ጠባይ አልተለወጠም።

ዝቅ ማድረግ የምትፈልገው ወለሉን ነው እንጂ ሻንሲውን አይደለም። ይሄን ከለየህ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ባለ ሮለር

ቶርኖ ቤት፣ እግዜር ይስጥህ። ልኩን አሁን ወጥቼ በሜትር ለካሁት። ሁሉም አንተ ባልከው አካባቢ ነው። ከቱቦው ጀርባ እስከ ሻንሲው ሆድ ያለው በትክክል 20 ነው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለቱንም ባደርገውስ? ወለሉንም ላስገባ፣ አክስሉንም ልገልብጥ። 85 ከነበረው ወደ 60 ይወርዳል ማለት ነው።

በያጅ ከቦኩ

እዚህ ላይ እኔ ልግባበት። አክስል መገልበጥ ሥራዬ ነው፣ ስለዚህ አትሥራው ለማለት አይደለም። ምን እንደሚጠይቅ ግን ማወቅ አለብህ።

መጀመሪያ ባዶ ቦታው። አሁን በቱቦውና በሻንሲው መካከል 20 ሳንቲም አለህ። 13 ሲወርድ 7 ይቀራል። ሸክም ሲጫን ባሌስትራው አራት አምስት ሳንቲም ይወርዳል። የቀረው ሁለት ሳንቲም ነው። ወንጂ መንገድ ላይ ያለችው አንድ ጉድጓድ ትበቃዋለች፣ ቱቦው ሻንሲውን ይመታል። ይሄ እንዳይሆን ሻንሲውን ከሥር በግማሽ ክብ መቁረጥና ከጎንና ከላይ በወፍራም ብረት ማጠናከር ይፈለጋል። ይሠራል፣ ሠርቼዋለሁ። ግን ሻንሲው ከፍተኛ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የምትቆርጠው።

ሁለተኛ ዲፍሬንሻሉ። ጭንቅላቱ ከቱቦው በ10 ሳንቲም ያህል ከፍ ይላል። አክስሉ ሲገለበጥ ጭንቅላቱ በሁለቱ የሻንሲ እግሮች መካከል ይገባል። አንተ ደግሞ አግዳሚውን እዚያው ልታስገባ ነው። ይጋጫሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አደርጋለሁ ካልክ ዲፍሬንሻሉን አውጥተህ ደረቅ አክስል ማስገባት አለብህ፣ ወይም በሱ ትክክል ያለውን ወለል ክፍት መተው።

ሦስተኛ ብየዳው። ባሌስትራው የሚቀመጥበት መቀመጫ አሁን በቱቦው ጀርባ ላይ ነው። አዲስ መቀመጫ ከቱቦው ሆድ መበየድ አለበት። ቱቦ በአንድ ጎን ብቻ ረጅም ብየዳ ሲበላ ይጎብጣል። ከጎበጠ ጎማው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ ጎማ ይልጣል። አጭር አጭር እያደረግክ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየቀያየርክ፣ እያቀዘቀዝክ ነው የሚበየደው። ውሃ አታፍስበትም። ማሳውን (የብየዳ ማሽኑን ሁለተኛ ገመድ) እበይዳለሁ ካልክበት ቦታ አጠገብ እሰረው። ማሳውን ጎማው ላይ ወይም ታምቡሩ ላይ ካሰርክ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ይነክሳቸዋል፣ ከወር በኋላ ጩኸት ትሰማለህ። 7018 ኤሌክትሮድ ከሆነ ደረቅ መሆን አለበት፣ ክፍት ፓኮ ውስጥ የከረመውን አልቀበልም።

አራተኛ፣ ባሌስትራውን የያዘው የመሃል ቡሎን። የቡሎኑ ራስ መቀመጫው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ አክስሉን ቦታው ላይ ይይዘዋል። አክስሉ ከላይ ሲሆን የቡሎኑ ራስ ወደ ላይ መዞር አለበት። ባሌስትራውን በሞርሳ ሳታጠብቅ ያንን ቡሎን ብትፈታው ንብርብሩ ተተኩሶ ይወጣል። ባሌስትራው ራሱ አይገለበጥም፣ ቆልመም ያለው ወደ ላይ እንደሆነ ይቀራል።

ዩ ቦልቱን አዲስ ግዛ። አንዴ የተጠበቀ ዩ ቦልት ተስቧል፣ ድጋሚ አይታመንም። ባሌስትራ ላይ ደግሞ በምንም ምክንያት ኤሌክትሮድ አይነካም። ብረቱ በእሳት ተግሎ የጠነከረ ነው፣ በተነካበት ይሰነጠቃል።

የቆቃ ሽንኩርት

እኔ ሴት ነኝ፣ ብየዳ አላውቅም። ግን ከቆቃና ከመቂ ሽንኩርት በተሳቢ አስጭኜ አዳማ ገበያ ስለማስገባ አንድ ነገር ልበል። የኔም ከአሮጌ መኪና የተሠራ ነው። ዝቅ ይበል ብለው አክስሉን ገልብጠውልኝ ነበር። ገበሬው ማሳ ድረስ ስንገባ ከባሌስትራው ሥር የተንጠለጠለው ብረትና ዩ ቦልት በጭቃው መሃል ያለውን ጉብታ እያረሰ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ እንደነበረ አስመለስኩት። የኔ ጫኝና አውራጆች ጆንያ በትከሻ ነው የሚያወጡት፣ ለነሱ 80 ሳንቲም ጥሩ ከፍታ ነው። ወገባቸው አይታጠፍም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዕቃህ የሚገባበት ቦታ አስፋልት ነው ወይስ ገና ያልተደለደለ ሳይት? ሮለር የሚፈለገው መቼም መንገድ ያልወጣበት ቦታ ነው ብዬ ነው።

በያጅ ከቦኩ

እህታችን ትክክል ናት። አክስሉ ከመሬት ያለው ከፍታ በጎማው ነው የሚወሰነው፣ ሲገለበጥም አይቀየርም። የሚወርደው ባሌስትራውና ማሰሪያ ሳህኑ ነው። ሳይት የሚገባ ተሳቢ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ባለ ሮለር

እውነት ነው፣ ሥራዬ ሰሌክት (የሙሌት አፈር) የሚደለደልበት ሳይት ነው። አብዛኛው የመሠረት ሙሌት ነው። አንዳንዱ ጋ ከኮብልስቶኑ እንደወጣን አፈር ነው።

ጡረተኛ መካኒክ

ልጆቼ፣ በጥሩ ሁኔታ ነው የምታወሩት። ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

ዲፍሬንሻሉ እንዳለ ይቆይ ካላችሁ ዘይቱን እዩ። የሃይሉክስ አክስል ጎማው የሚታሰረው ሴሚያሴው (በቱቦው ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ ነው። ስለዚህ ሴሚያሴውን መምዘዝ አይቻልም፣ ጎማው አብሮ ይወጣል። ተሳቢው በተጎተተ ቁጥር ሴሚያሴው ይዞራል፣ የዲፍሬንሻሉ ጥርሶች፣ ኮሮናውና ፒኞኑም፣ ይዞራሉ። ከሞተር በኩል የሚያዞረው ካርዳን ስለሌለው ሰው የሞተ ዕቃ ነው ብሎ ይረሳዋል። ዘይቱ ሲያልቅ ይነክሳል፣ ጎማው በመንገድ መሃል ተቆልፎ ይቆማል። የካርዳኑ አፍ በጥሩ ክዳን ይዘጋ፣ ዘይቱ በየጊዜው ይታይ። የከባድ መኪና አክስል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የነሱ ጎማ የሚሸከመው ቱቦው ላይ ባለው ኩሽኔታ ስለሆነ ሴሚያሴውን መዘህ አፉን በላሜራ ዘግተህ በግራሶ ብቻ ትሄዳለህ።

ጎማውን በተመለከተ ደግሞ፣ 7.00-16 ለዚህ ሸክም ትልቅ ነው። የአባዱላ (የሃይኤስ ሚኒባስ) ቸርኬ ባለ ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ከሃይሉክሱ ጋር ይገጥማል። 195R15C ጎማ አስገባበት። የ7.00-16 ቁመት 78 ሳንቲም ገደማ ነው፣ የ195R15C 69 ገደማ። ግማሹ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ 4 ሳንቲም ይወርዳል። ጎማው ጎን ላይ 106/104 ተብሎ የተጻፈበትን ምረጥ፣ አንዱ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሁለቱ 1,900። የአንተ ተሳቢ ከነሮለሩ 1,320 ነው። በቂ ነው። ቤት ውስጥ ካለ መኪና የተራረፈ የግል አውቶሞቢል ጎማ ግን አታስገባ፣ ጎኑ ስስ ነው። ቸርኬውን ሳትገዛ አንድ ተውሰህ ታምቡሩን የማይነካ መሆኑን እይ።

የመጨረሻው የሻንሲ ቁጥር ነው። ሃይሉክስ ላይ ቁጥሩ የሚመታው ሻንሲው ላይ በፊት ለፊቱ በኩል ነው። ፊቱ ተቆርጧል ብለሃል። ያ ቁራጭ የት ነው? ወለሉን ከማፍረስህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ስለ ሊብሬው ተነጋገር። የተቀየረ ነገር ሳይመዘገብ ሲቀር ቦሎ ላይ ትቸገራለህ።

ባለ ሮለር

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ቁራጩ አለ፣ ቁጥሩ ያለበትን ቀድሞ የነበረው ባለቤት አስቀምጦታል። ነገ ቢሮው እሄዳለሁ።

ደረቅ አክስል ማስገባትስ እንዴት ታዩታላችሁ? ከአሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር የፊት አክስል ርካሽ አግኝቻለሁ።

ወንጂ ማዞሪያ

የፊት አክስል በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው! መሃሉ ወደታች የወረደ ነው። ባሌስትራው የሚቀመጥበት ቦታ ከጎማው መሃል በታች ነው። ተሳቢው ይወርዳል፣ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን ምንም አይቀንስም። የመገልበጡን ችግር ሁሉ ይፈታል። መሪው እንዳይዞር ሁለቱን ጎማ መያዣዎች በብየዳ ቆልፋቸው፣ አበቃ።

በያጅ ከቦኩ

ከሐሳቡ ጋር እስማማለሁ፣ ከመጨረሻው ቃል ጋር ግን አልስማማም። ያ ጎማ መያዣ የተቀጠቀጠ ጠንካራ ብረት ነው። ቀዝቃዛውን ብትበይደው ዳሩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይፈጥራል። ስንጥቁ አይታይህም። የሚታይህ ጎማው ሲወጣ ነው። መቆለፍ ካለበት በመሪው ክንድ ቀዳዳ በኩል በወፍራም ብረትና በቡሎን ከአክስሉ አካል ጋር በሁለቱም ጎን ይታሰር። በየጊዜው እየፈተሽክ ልትቀይረው የምትችለው ነገር ይሁን።

ጡረተኛ መካኒክ

በያጁ ያለውን ደግሜ እላለሁ። የኤንፒአር አክስል ደግሞ ለ620 ኪሎ ተሳቢ እጅግ ከባድ ነው። ሚዛኑን ሁሉ ይበላብሃል። ልጄ፣ መጀመሪያ ወለሉንና ጎማውን ሥራ። ከዚያ ለካ። ካልበቃህ ወደ አክስሉ ትመጣለህ።

ቶርኖ ቤት (መብራት ኃይል)

ጋሼ እንዳሉት ነው። ቁጥሩን እናስላው። ወለሉ ሻንሲው ላይ ሲያርፍ ከ85 ወደ 73 ይወርዳል። የአባዱላ ጎማ ሲገባ 69 ይሆናል። አሁን መወጣጫውን እይ። በ85 ላይ 2 ሜትር መወጣጫ 25 ዲግሪ ያዘነብላል። በ69 ላይ መወጣጫውን 2.80 ብታደርገው 14 ዲግሪ ብቻ ነው። ሮለርህን የሚያስፈራው ዲግሪው ነው እንጂ ሳንቲሙ አይደለም። 80 ሳንቲም የመወጣጫ ብረት መጨመር አክስል ከመገልበጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? አንድ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

ባለ ሮለር

ይሄ ገብቶኛል። ወስኛለሁ። አክስሉን አልነካም። ወለሉን አስገባለሁ፣ ጎማውን እቀይራለሁ፣ መወጣጫውን አስረዝማለሁ። ወለሉ ጎማዎቹ ጋ ሲደርስ ምን ላድርግ? ጎማው ከወለሉ ጋር እኩል ሊሆን ነው።

በያጅ ከቦኩ

በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ብቻ ወለል አድርገው፣ ከጎማው በላይ ፓራፋንጎ ከፍ አድርገህ ሥራ። ከጎማው ጀርባ እስከ ፓራፋንጎው 12 ሳንቲም ይኑር፣ በጉድጓድ ላይ ጎማው ወደ ላይ ይመጣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስንት ስፋት አለህ?

ባለ ሮለር

1.20 አለኝ። ሮለሩ ስፋቱ 70 ነው። ጄኔሬተሩም ከጎኑ ይገባል።

በያጅ ከቦኩ

እንግዲያው ምንም ችግር የለም። አግዳሚውን ስትበይድ ሻንሲው ጎኑ ላይ ነው የምትበይደው ወይም የምትበሳው። የሻንሲውን የላይና የታች ጠርዝ አትብሳው፣ አትበይደው። ጫናው ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው፣ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በአግዳሚው ጫፍ ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ አድርገህ አጠናክር።

ፈጣን መፍትሔ

እኔ ስለ ባሌስትራው ያልኩት ለቀላል ሸክም ነበር፣ ሮለሩን ልብ አላልኩትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሻንሲው ሳይወርድ ወለሉ ብቻ ሲወርድ ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት የጋንቾው ነገር እንዴት ነው? አይቀየርም አይደል?

ቶርኖ ቤት (መብራት ኃይል)

ጥሩ ጥያቄ ነው። የወለሉ ለውጥ ጋንቾውን አይነካውም። የጎማው ለውጥ ግን ተሳቢውን ከኋላ 4 ሳንቲም ያወርደዋል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ያያል። አፍንጫው ወደ ላይ ሲሆን ሸክሙ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ የላንድክሩዘሩን ኳስ 4 ሳንቲም አውርደው፣ ወይም የተሳቢውን ጋንቾ በወፍራም ላሜራ 4 ሳንቲም ከፍ አድርገው። ተሳቢው ሸክም ተጭኖበት ጠፍጣፋ መቆም አለበት። ልኩን ሸክም ጭነህ ነው የምትወስደው።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። በአንተ 1,320 ኪሎ ላይ ከ130 እስከ 200 ኪሎ ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ጅራቱን ያወዛውዛል። በኛ ከተማ ይሄን አቅልሎ ማየት አይቻልም። ከአዳማ ዳር ከ2004 ጀምሮ የነፋስ ተርባይን የተተከለው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ሞጆ ስትወጣ ከጎን የሚመጣው ነፋስ ባዶ ተሳቢን ሳይቀር ይገፋዋል።

የምትለካበት መንገድ ቀላል ነው። የሰው ሚዛን 200 ኪሎ አይችልም። አንድ ወፍራም ሞራሌ ውሰድ። አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አሳርፍ፣ ሁለቱም ቁመታቸው እኩል ይሁን። የተሳቢውን ጋንቾ ከጡቡ በኩል በሞራሌው አንድ ሦስተኛ ላይ አሳርፈው። ሚዛኑ ያሳየህን በሦስት አባዛው። 50 ካለ 150 ነው። ካነሰ ሮለሩን ወደ ፊት አስጠጋው፣ ከበዛ ወደ ኋላ። ቦታውን ካገኘህ በኋላ ወለሉ ላይ ማቆሚያ ብረት በይድ፣ ሁልጊዜ እዚያ ይቁም።

ጡረተኛ መካኒክ

አንድ የረሳችሁት አለ። ሮለሩ መወጣጫው ላይ ሳለና ወለሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ 700 ኪሎው ያለው ከአክስሉ በስተኋላ ነው። የተሳቢው ጅራት ይወርዳል፣ የፒክ አፑ የኋላ ጎማ ይነሳል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው። ከመሬት ሲነሳ ፍሬንህ የለም። ተሳቢውም መኪናውም ሮለሩን እንደያዙ ወደታች ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ የሚወርድ እግር በይድለት። ሳይጫን እግሩ ይወርዳል፣ የጎማ ማገጃ ይገባል፣ ከዚያ ነው ሮለሩ የሚነሳው። እግሩ መሬት ላይ ሳይደርስ ማንም እንዳይጭን።

ባለ ሮለር

ጋሼ፣ ይሄ በጣም ጠቅሞኛል። ፒክ አፑ ከኋላ ሲነሳ አይቻለሁ፣ ባሌስትራው ለስላሳ ሆኖ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የቆቃ ሽንኩርት

ስትጨርስ ንገረን። እግሩን ለኔም አሠራዋለሁ፣ ጆንያ ከኋላ ሲጀምሩ መኪናዬን ያነሳታል።

ባለ ሮለር

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ሥራው አልቋል። ትራንስፖርት ቢሮ የሻንሲ ቁጥሩን ቁራጭ አይተው፣ ከሻንሲው ጋር አስይዘህ ስትመጣ እናያለን ብለውኛል፣ በያጁ እሱንም በቡሎን አስሮልኛል።

የወለሉ ከፍታ 69 ተኩል ወጣ። መወጣጫው 2.80 ነው። ሮለሩ ያለ ምንም ጭንቀት ነው የሚወጣው። ከአክስሉ ላይ አንድም ቡሎን አልተፈታም። ባሌስትራውና ባዶ ቦታው እንደነበረ ነው። ሳይት ውስጥ ስገባ እንደ ድሮው ነው።

የጋንቾው ሚዛን መጀመሪያ 110 ኪሎ መጣ። ሮለሩን ወደ ፊት አስጠግቼ 160 አደረስኩት። ከዚያ በኋላ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ወጣሁ። ጅራቱ ሳይወዛወዝ ነው የሄደው፣ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። መወጣጫው ላይ የሮለሩ ከበሮ ብረት በብረት ስለሆነ በተለይ ጠዋት ጤዛ ሲኖር ይንሸራተታል። ቡርሽ ያለው ላሜራ ነው የተጠቀምኩት፣ ግን ከበሮው ለስላሳ ስለሆነ አይዘውም።

በያጅ ከቦኩ

ከበሮ ጥርስ የለውም፣ ቡርሹን አይነክሰውም። በመወጣጫው ላይ ደረቅ ጣውላ በቡሎን እሰር፣ የቡሎኑ ራስ ጣውላው ውስጥ ይግባ። ብረት እንጨት ላይ ይይዛል። እንጨቱ ሲያልቅ ትቀይረዋለህ። ጎማ ምንጣፍ የሚያስሩም አሉ፣ ግን የሮለር ከበሮ ቶሎ ይበጣጥሰዋል። በዝናብ ቀን ጣውላው ላይ ትንሽ አሸዋ ይበተንበት።

ጡረተኛ መካኒክ

የጎማውን ቡሎኖች መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ድጋሚ አጥብቀሃል? አዲስ ቸርኬ ሲገባ ቀለሙ ይላላል፣ ዳዶው ይፈታል።

ባለ ሮለር

አጥብቄያለሁ ጋሼ። ሁለቱ ላልተው ነበር።

የቆቃ ሽንኩርት

የኔን ተሳቢስ እንደሱ ወለሉን ብቻ ማስገባት ይቻላል? ጆንያ ነው የምጭነው። 80 ሳንቲም ነው ያልኳችሁ።

ቶርኖ ቤት (መብራት ኃይል)

ይቻላል እህታችን፣ ግን ለምን? ጫኞችሽ በ80 ተመችቷቸዋል። ለአንቺ የሚያስፈልገው እግሩ ነው፣ ከጅራቱ ሥር የሚወርደው። ሐሙስ ዕለት ተሳቢውን ቶርኖ ቤት አምጪው፣ የሻንሲውን ስፋት ለክተን ከ50 በ50 ቱቦላሬ እንሠራዋለን። በያጁም በዚያን ቀን እኛ ጋ ነው።